የጥንት አለት ዕድሜና መነሻ፦ የትኛውን ዘዴ ልምረጥ?

አንድ ያረጀ የእሳተ ገሞራ ወይም የደለል አለት እጃችሁ ገብቷል እንበል። ሁለት ነገር ማወቅ ትፈልጋላችሁ። መቼ ተፈጠረ? ምን ዓይነት ቦታ ላይ ተፈጠረ? ውቅያኖስ መሀል ላይ ነው፣ አንዱ ፕሌት (የምድር ቅርፊት ሰሌዳ) በሌላው ስር በሚሰምጥበት ዳርቻ ላይ ነው፣ ወይስ አህጉር ሲሰነጠቅ? ዘዴው ብዙ ነው፣ ሁሉም ባለሙያ ደግሞ የለመደውን ያወድሳል። እኔ ማሽን ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብትጠይቁ እመርጣለሁ፦ «ይሄ የሚሰጠኝ ቁጥር የየትኛው ክስተት ዕድሜ ነው?» አለት አንድ ታሪክ ብቻ የለውም። ቀልጦ ይወጣል፣ ይረጋል፣ ይቀበራል፣ እንደገና ይሞቃል፣ ትኩስ ውሃ ያልፍበታል፣ ይታጠፋል። እያንዳንዱ ዘዴ ከነዚህ ውስጥ አንዱን መርጦ ያስታውሳል፣ ሌላውን ይረሳል።

ካርቦን 14 ይሆናል ወይ ለሚል፣ አይሆንም። ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት ስለሆነ ከ50,000 ዓመት ገደማ በኋላ የሚለካ ነገር አይተርፈውም። እዚህ የምናወራው ስለ ሚሊዮንና ቢሊዮን ነው።

ዚርኮን ከተገኘ ነገሩ ይቀላል

ራዮላይት፣ ዳሳይት (ሲሊካ የበዛባቸው የላቫ አለቶች) ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ከሆነ የያዛችሁት፣ ብዙም አታስቡ፤ ዩራኒየም–እርሳስ በዚርኮን። ዚርኮን የሚባለው ትንሽ ጠንካራ ማዕድን ሲፈጠር ዩራኒየምን ያስገባል፣ እርሳስን ግን አይቀበልም። ስለዚህ ዛሬ ውስጡ የምናገኘው እርሳስ ከሞላ ጎደል ሁሉም በጊዜ ብዛት ከዩራኒየም የመጣ ነው። ማዕድኑ ግትር ነው፤ ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪጠጋ ድረስ እርሳሱን በቀላሉ አይለቅም።

ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። አንድ ቅንጣት ውስጥ ሁለት ሰዓት አለ። ዩራኒየም 238 በ4.47 ቢሊዮን ዓመት ይጋመሳል፣ ዩራኒየም 235 ደግሞ በ704 ሚሊዮን ዓመት። ሁለቱ አንድ ዕድሜ ከተናገሩ እሰየው። ካልተስማሙ እርሳስ አምልጧል ወይም የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ክፍሎች ተቀላቅለዋል ማለት ነው፣ እናንተም ወዲያው ታውቁታላችሁ። ሌሎቹ ዘዴዎች እንዲህ ያለ አብሮ የተሰራ ምስክር የላቸውም። እኔ ዩራኒየም–እርሳስን ከሁሉ የማስቀድመውም ለዚህ ነው።

ችግሩ መለኪያው ሦስት ዓይነት መሆኑ ነው።

በሌዘር የሚለካው ፈጣኑ ነው። ሌዘሩ ከ20 እስከ 40 ማይክሮን ስፋት ያላት ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አንዱ ልኬት ከአንድ ሁለት ደቂቃ አይበልጥም፣ ዋጋውም ከሁሉ ይቀላል። የስህተት ወሰኑ ለአንድ ነጥብ ከ1 እስከ 2 በመቶ አካባቢ ነው። 500 ሚሊዮን ዓመት ላይ 2 በመቶ ማለት 10 ሚሊዮን ዓመት ነው፣ ይሄ ለአንዳንድ ጥያቄ ምንም አይደለም፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ገደል ነው። ብዙ ቅንጣት መለካት ሲያስፈልግ፣ በተለይ ለአሸዋ ድንጋይ፣ ሌዘር ነው መልሱ።

በአዮን (ኤሌክትሪክ በተሞሉ አተሞች) ጨረር የሚለካው፣ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በቢል ኮምስተን ቡድን የተሰራው ሽሪምፕ የሚባለው ማሽንና ዘመዶቹ፣ ቅንጣቱን እምብዛም ሳይጎዳ ገጹን ብቻ ይፍቃል። የሌዘሩ ጉድጓድ አሥር ማይክሮንና ከዚያም በላይ ሲጠልቅ የዚህኛው አንድ ሁለት ማይክሮን ነው። ውስብስብ ቅንጣት፣ ማለትም ያረጀ እምብርት ኖሮት በላዩ አዲስ ሽፋን ያደገበት ከሆነ፣ እኔ ይሄንን እመርጣለሁ። ሌዘሩ ሁለቱን ወግቶ ሊያቀላቅላቸው ይችላል፣ የሚወጣው ዕድሜ ደግሞ የማንም አይደለም።

ሦስተኛው ቅንጣቱን በአሲድ አሟሙቶ መለካት ነው። ከዚያ በፊት ቅንጣቱን አሙቆ የተጎዳውን ክፍል በኬሚካል ማጠብ አለ፤ ይሄንን ጄምስ ማቲንሰን በ2005 ካስተዋወቀው በኋላ እርሳስ ያመለጠበት ክፍል ስለሚወገድ ውጤቱ እጅግ ተሻሽሏል። የስህተት ወሰኑ ከ0.1 በመቶ በታች ይወርዳል። አዝጋሚ ነው፣ ውድ ነው፣ ንጹህ ክፍል ይፈልጋል። ግን በቻይናው ሜይሻን የፐርሚያን ዘመን ማብቂያ ጅምላ ጥፋት በ251.9 ሚሊዮን ዓመት ላይ የተቀመጠው፣ የጥፋቱም ቆይታ በአሥር ሺህዎች ዓመት የተገመተው በዚህ ነው። በሌዘር ይሄን ማሰብ አይቻልም።

ከሦስቱ የትኛውንም ብትመርጡ የካቶዶሉሚነሰንስ ምስል (ቅንጣቱ በኤሌክትሮን ሲመታ የሚሰጠውን ብርሃን የሚያሳይ) ሳታነሱ አትለኩ። ምስሉ ላይ የማግማ ዚርኮን ቀጫጭን ተደራራቢ መስመር ያሳያል፣ አለቱ በኋላ በሙቀትና በግፊት ሲለወጥ ያደገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደብዛዛና ቅርጽ አልባ ነው። የቶሪየምና የዩራኒየም ምጥጥንም ይረዳል፤ ከ0.1 በታች ከሆነ ጠርጥሩ። እርግጠኛ ምልክት ግን አይደለም፣ ብቻውን አትመኑት።

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ ከ1 እስከ 1.5 ቢሊዮን ዓመት ለሚበልጥ አለት በእርሳስ 207 እና በእርሳስ 206 ምጥጥን የሚሰላው ዕድሜ ይሻላል፣ ከዚያ ለሚያንስ ደግሞ በእርሳስ 206 እና በዩራኒየም 238 የሚሰላው። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ እያቀላቀሉ የሚያመጡ ሪፖርቶች አሉ፣ የትኛው ረድፍ በየትኛው እንደተሰላ ጠይቁ።

ባዛልት ሲሆን

እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ባዛልት በተለምዶ የራሱን ዚርኮን አያበቅልም፣ ሲሊካው አይበቃውምና። ከባዛልት ዚርኮን አገኘሁ የሚል ሪፖርት ካያችሁ መጀመሪያ ማሰብ ያለባችሁ ማግማው ሲወጣ ከአሮጌ ቅርፊተ ምድር ይዞት የመጣ መሆኑን ነው።

ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ካምባልዳ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ያሉት ኮማቲያይት የሚባሉ ጥንታዊ ላቫዎችና ባዛልቶች በሳማሪየም–ኒዮዲሚየም (ሳማሪየም ቀስ በቀስ ወደ ኒዮዲሚየም በመለወጡ በሚሠራ ሰዓት) ተለክተው 3.2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ወጣላቸው። ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ተደርድረዋል፣ ያማረ አይሶክሮን፣ ማለትም ዕድሜ የሚነበብበት መስመር፣ ነበር። በኋላ ግን መስመሩ የዕድሜ ሳይሆን የቅልቅል መስመር ሆኖ ተገኘ። ማግማው አሮጌ ቅርፊተ ምድር በልቶ ነበር፣ አንዱ ፍሳሽ ብዙ አንዱ ጥቂት። ባዛልቱ ውስጥም ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ በእንግድነት የገቡ ዚርኮኖች ተገኙ። ትክክለኛው ዕድሜ 2.7 ቢሊዮን ዓመት አካባቢ ነው። ግማሽ ቢሊዮን ዓመት ስህተት፣ ያውም በሚያምር መስመር ላይ!

ታዲያ ምን ይመረጥ? ባዛልቱን ያቋረጠ ወይም ከሥሩ የመገበ ጋብሮ (ከመሬት በታች የረጋ የባዛልት ማግማ) ወይም ዳይክ (ስንጥቅ ሞልቶ የረጋ ማግማ) ካለ ባዴሌያይት የሚባለውን ማዕድን ፈልጉ። እሱም በዩራኒየም–እርሳስ ይለካል፣ ደግሞም ከአሮጌ አለት ተሸክሞ የመጣ መሆኑ ከስንት አንዴ ነው። በባዛልት ፍሳሾች መካከል የገባ የአመድ ንብርብር ካለማ በጣም ጥሩ፤ አመዱን ለኩት፣ ባዛልቱን ተዉት። ሳማሪየም–ኒዮዲሚየም የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። የሳማሪየም 147 ግማሽ ዕድሜ 106 ቢሊዮን ዓመት ስለሆነ ሰዓቱ በጣም ይጎተታል፣ የስህተት ወሰኑም ሰፊ ነው። ለመነሻ ጥናት ግን ወርቅ ነው፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሩቢዲየም–ስትሮንሺየምስ? ለጥንት እሳተ ገሞራ ዕድሜ አልመክረውም። ሁለቱም በትኩስ ውሃ በቀላሉ ይንቀሳቀሳሉ። የምታገኙት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ አለቱ የተፈጠረበት ሳይሆን የታወከበት ቀን ነው። ያንን ከፈለጋችሁ ግን ጥሩ።

አርጎን፦ ለትኩሱ እንጂ ለተጎሳቆለው አይደለም

ፖታሲየም 40 ወደ አርጎን 40 ይለወጣል፣ ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። የድሮው የፖታሲየም–አርጎን ዘዴ ፖታሲየሙንና አርጎኑን በተለያየ ቁራሽ ላይ ይለካል። አርጎን ቢያመልጥም ሆነ ከውጭ ቢገባ የምታውቁበት መንገድ የለም። አርጎን–አርጎን ግን ናሙናውን መጀመሪያ ኒውክሌር ሪአክተር ውስጥ ያስገባና ከፖታሲየም 39 አርጎን 39 ይሰራል፣ ከዚያ በደረጃ እያሞቀ ጋዙን ይለካል። ደረጃዎቹ ተመሳሳይ ዕድሜ ከሰጡ ጥሩ ምልክት ነው። ካልሰጡ የሆነ ነገር ደርሶበታል። ሁለቱ ዘዴ ከቀረበላችሁ የድሮውን አትምረጡ፣ ሰበብም አትፈልጉለት።

ሳኒዲን (ፖታሲየም ያለው ማዕድን) የያዘ፣ ያልሞቀ፣ ያልተበላሸ የእሳተ ገሞራ አለት ከሆነ አርጎን–አርጎን ከዚርኮን ጋር እኩል ይቆማል፣ ለወጣት አለት አንዳንዴም ይበልጣል። ዚርኮን እሳተ ገሞራው ከመፈንዳቱ በፊት ማግማ ክፍል ውስጥ ለብዙ ሺህ ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ ሳኒዲን ግን አርጎኑን መያዝ የሚጀምረው ፈንድቶ ሲቀዘቅዝ ነው። ለጥንቱና ለተለወጠው አለት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባዮታይት 300 ዲግሪ አካባቢ፣ ሆርንብሌንድ 500 ዲግሪ አካባቢ አርጎናቸውን ይለቃሉ። ስለዚህ አረንጓዴ ሆኖ የተለወጠ የ2.7 ቢሊዮን ዓመት ባዛልት ላይ አርጎን ስትለኩ የምታገኙት በኋላ እንደገና ሞቆ የቀዘቀዘበትን ዘመን ነው። እሱም ቢሆን ታሪክ ነው፣ የፍንዳታው ግን አይደለም።

የደለል አለት

አሸዋ ድንጋይን በውስጡ ባለ ዚርኮን ዕድሜ መሰየም፣ ቤትን በግንቡ ድንጋይ ዕድሜ እንደ መሰየም ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ ላይ 4.4 ቢሊዮን ዓመት የሞላው የዚርኮን ቅንጣት ተገኝቷል፤ እስካሁን ከሚታወቁት የምድር ቁሶች የሚቀድመው የለም። የተገኘበት ጠጠራማ ደለል ግን የተከማቸው 3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ላይ ነው።

ስለዚህ ለደለል የመጀመሪያ ምርጫዬ ምንጊዜም በንብርብሮቹ መካከል የወደቀ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ቀጭን፣ ሸክላ የመሰለ፣ ከላይና ከታች ካለው የተለየ ቀለም ያለው ንብርብር ፈልጉ። ደቡብ ቻይና ውስጥ ከትልቁ በረዶ ዘመን ማብቂያ በላይ ካለው ካርቦኔት ውስጥ የተገኘ አመድ 635 ሚሊዮን ዓመት ሰጥቶ የዓለምን የዘመን ሠንጠረዥ አቅንቷል። ቅሪተ አካል በሌለባቸው የቅድመ ካምብሪያን ንብርብሮች ውስጥ አመድ የሚተካ ነገር ማግኘት ከባድ ነው።

አመድ ከሌለ ሁለት መንገድ አለ። ጥቁር ሼል (ኦርጋኒክ ነገር የበዛበት የጭቃ ድንጋይ) ከሆነ ሬኒየም–ኦስሚየም። ሁለቱ ንጥረ ነገሮች ከባሕር ውሃ ወደ ኦርጋኒክ ጭቃው የሚገቡት ሲከማች ስለሆነ የሚወጣው ዕድሜ የመከማቻው ነው። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ከደለሉ ራሱ ማለት ነው። ግን ናሙናው ፀሐይና ዝናብ ያልደረሰበት ይሁን፤ ከጉድጓድ ቁፋሮ የወጣ ኮር ካለ ከመንገድ ዳር ቁራጭ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ሁለተኛው የአሸዋ ዚርኮን ነው፣ ግን በሌላ ጥያቄ። በዕድሜ ትንሹ ቅንጣት የሚነግራችሁ «ደለሉ ከዚህ በፊት ሊከማች አይችልም» የሚለውን ብቻ ነው። ከላይ የተኛው ወይም ያቋረጠው የእሳተ ገሞራ አለት ደግሞ «ከዚህ በኋላም ሊሆን አይችልም» ይላል። በሁለቱ መካከል ትይዙታላችሁ። በዕድሜ ትንሽ በሆነች አንዲት ቅንጣት ላይ አትንጠልጠሉ፣ እርሳስ ያመለጣት ልትሆን ትችላለች፤ ቢያንስ ዕድሜያቸው የሚደራረብ ሦስት ይኑሩ። ብዛትስ? ከጠቅላላው 5 በመቶ የሚይዝን ቡድን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ላለመሳት 117 ቅንጣት ያስፈልጋል የሚለው የፒተር ፈርሜሽ ስሌት ከ2004 ጀምሮ መለኪያ ሆኗል። 40 ለክቶ «ይሄ ምንጭ የለም» ማለት አይቻልም።

ግላውኮናይትና ኢላይት በሚባሉ የደለል ማዕድናት ላይ የተሰሩ የድሮ የፖታሲየም–አርጎን ዕድሜዎች ብዙ ጊዜ የመከማቻውን ዕድሜ በትክክል አይሰጡም። እለፏቸው።

መነሻውን ለማወቅ፦ ንድፍ፣ አይሶቶፕ ወይስ እግር?

እግር። ማለቴ ሜዳው ላይ መሄድ። ትራስ መሳይ ላቫ ካያችሁ ውሃ ውስጥ ነው የፈሰሰው፤ ዳይክ ከዳይክ ጎን ተደርድሮ ሌላ አለት ከጠፋ ቅርፊቱ እየተሳበ ነበር፤ ላቫው በቀጥታ ያረጀ ግራናይት ላይ ከተኛ ደግሞ አህጉር ነበር ከሥሩ። ይሄን ያልተመለከተ ሰው ስለ ኬሚስትሪው ቢያወራ አልሰማውም።

ከዚያ ኬሚስትሪው ይመጣል። ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ላይ ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ሩቢዲየም፣ ባሪየምና ስትሮንሺየምን አትመኑ፣ ውሃ ያመላልሳቸዋል። የሚታመኑት ቲታኒየም፣ ዚርኮኒየም፣ ኢትሪየም፣ ናዮቢየም፣ ቶሪየምና አብዛኞቹ ብርቅዬ የምድር ብረቶች ናቸው። የመለያ ንድፎቹ (አለቱን በኬሚካል ይዘቱ ከመነሻ ቦታው ጋር የሚያዛምዱ ሥዕሎች) የተጀመሩት በ1973 በፒርስና ካን ቲታኒየም–ዚርኮኒየም–ኢትሪየም ሦስት ማዕዘን ነው። ከዚያ በ1982 የሸርቬ ቲታኒየም–ቫናዲየም መጣ፣ በ2008 ደግሞ ፒርስ ቶሪየምን ከናዮቢየም ጋር በኢትርቢየም አካፍሎ ያነጻጸረበት ንድፍ። አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የመጨረሻውን እመርጣለሁ። ባዛልቱ ከማንትል (ከቅርፊተ ምድር ስር ካለው ንብርብር) ብቻ የመጣ ከሆነ አንድ ሰያፍ ድርድር ላይ ይወድቃል፣ ከሚሰምጥ ፕሌት ቶሪየም ከተጨመረበት ከድርድሩ በላይ ይወጣል።

ወጥመዱ አህጉራዊ ቅርፊት የበላ ማግማም ወደ ላይ መውጣቱ ነው። የናዮቢየምና የታንታለም ጉድለት «የሰመጠ ፕሌት አለ» ተብሎ ሲጻፍ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ከአህጉር ውስጥ የፈሰሰ ሰፊ ባዛልትም ያንኑ ጉድለት ያሳያል። እዚህ ላይ ነው ሳማሪየም–ኒዮዲሚየም የሚያገለግለው። የኒዮዲሚየም አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር ክብደታቸው የተለያየ አተሞች) ምጥጥን የጉድለቱን መጠን ተከትሎ የሚቀያየር ከሆነ፣ ብዙ ጉድለት ያለበት ናሙና አሮጌ ቅርፊት የሚመስል ኒዮዲሚየም ካለው፣ ብክለት ነው። ጉድለቱ ኖሮ ኒዮዲሚየሙ ሁሉም ላይ አሮጌ ቅርፊት ያልተቀላቀለበት ማንትል ከመሰለ ደግሞ የደሴት ቅስት (በሚሰምጥ ፕሌት በላይ የሚበቅል የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ሰንሰለት) ማለት ይቻላል። በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ያለው ጥንታዊ ቅርፊት፣ የዓረቢያ–ኑቢያ ጋሻ፣ ሰፊ ክፍሉ በደሴት ቅስቶች የተገነባ አዲስ ቅርፊት ነው የተባለውም በዋናነት በእንዲህ ያለ ማስረጃ ነው።

ቆጵሮስ ላይ ያለው የትሮዶስ አለት የሜዳውና የኬሚስትሪው ጠብ ምሳሌ ነው። በዳይክ ላይ የተደረደረ ዳይክ ሞልቶታል፣ ስለዚህ የውቅያኖስ መሀል ሸንተረር ነው ተባለ። በ1973 ሚያሺሮ ኬሚስትሪው የደሴት ቅስት ነው ብሎ ጻፈ፣ ብዙ ሰውም ተቆጣበት። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚቀበለው ሁለቱንም ነው፤ መስመጥ በጀመረ ፕሌት በላይ ቅርፊቱ ሲሳብ የተፈጠረ፣ ዕድሜው 90 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ። ሜዳውና ንድፉ ሲጋጩ አንዱን ለመጣል አትቸኩሉ።

ለአርኬያን (ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ ላስቆጠረ) አለት ደግሞ ድምፃችሁን ቀነስ አድርጉ። ንድፎቹ የተሰሩት በዛሬ ባዛልቶች ነው፣ ማንትሉ ግን ያኔ የበለጠ ይሞቅ ነበር። የ3.5 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው የምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ ላይ አንዱ የሰመጠ ፕሌት ያያል፣ ሌላው ግራናይት ወደ ላይ ሲያብጥ ከባዱ ላቫ በጎን የሰመጠበት ነው ይላል። እኔ የካርታውን ክብ ክብ ጉልላቶች ሳይ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፣ ንድፍ ብቻውን ግን ይሄን ክርክር አይፈታም።

ለደለል አለት መነሻ የዲኪንሰንና ሱዜክ የ1979 ኳርትዝ–ፌልድስፓር–የአለት ስብርባሪ ሦስት ማዕዘን አለ፣ በማይክሮስኮፕ ቆጥሮ ነው። ርካሽ ነው፣ ጠቃሚም ነው፣ ግን ሞቃትና እርጥብ አየር ፌልድስፓርን ስለሚያጠፋ የእሳተ ገሞራ ቅስት አሸዋ የተረጋጋ አህጉር አሸዋ መስሎ ሊታይ ይችላል። በሙሉ ኬሚስትሪ የተሰሩት የ1980ዎቹ የደለል ንድፎች መነሻቸው በሚታወቅ ወጣት ደለሎች ላይ ሲፈተኑ ብዙዎቹ ደካማ ሆነው ተገኝተዋል፣ እኔ ለድጋፍ እንጂ ለውሳኔ አልጠቀምባቸውም። የተሻለው በ2012 ካውውድና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ነው፤ የዚርኮን ዕድሜዎችን ከመከማቻው ዕድሜ ጋር ማነጻጸር። ቅስት አጠገብ ያለ ተፋሰስ ውስጥ አብዛኛው ቅንጣት ከመከማቻው ጋር የተቀራረበ ዕድሜ አለው። ጸጥ ባለ የአህጉር ዳርቻ አብዛኛው በጣም ያረጀ ነው። ለዕድሜ ያወጣችሁት ገንዘብ ለመነሻም ይሠራል ማለት ነው። የባዛልት ቅስት ግን ዚርኮን ስለማያበዛ ሳይታይ ሊቀር ይችላል፣ ይሄን አስቡበት።

ገንዘቡ ለአንድ ሥራ ብቻ ቢበቃስ? አመድ ወይም ራዮላይት ካለ ዚርኮኑን፣ አሸዋ ብቻ ካለ የሌዘር ዚርኮን ከ117 ቅንጣት በላይ፣ ጥቁር ሼል ብቻ ካለ ሬኒየም–ኦስሚየም፣ ባዛልት ብቻ ካለ ዕድሜውን ለጊዜው ትታችሁ የማይንቀሳቀሱትን ንጥረ ነገሮች ለኩ።

ውጤታችሁን ከድሮ ጽሑፍ ጋር ስታወዳድሩ ደግሞ የአርጎን ዕድሜ በየትኛው መመዘኛ እንደተሰላ እዩ። ላቦራቶሪዎች ልኬታቸውን የሚያስተካክሉበት ፊሽ ካንየን የሚባለው መመዘኛ ሳኒዲን ለብዙ ጊዜ 28.02 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ይሰላ ነበር፣ ከ2008 ወዲህ 28.201 የሚለው ተለምዷል። ልዩነቱ 0.65 በመቶ ገደማ ነው። 250 ሚሊዮን ዓመት ላይ ግን ወደ 1.6 ሚሊዮን ዓመት ይገፋል፣ ስለዚህ የድሮው የአርጎን ቁጥር ከአዲሱ ዚርኮናችሁ አንሶ ከተገኘ ስለ አለቱ ከመከራከራችሁ በፊት መመዘኛውን ቀይራችሁ እንደገና አስሉት።